ከጆሃንስበርግ ወደ ሴንት ሄሌና፦ የአንዲት ሩቅ ደሴት የጉዞ ማስታወሻ

ጄፔ በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ሱቅ ያለው ሐበሻ ዕረፍት ሲወጣ ወይ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይ ደርባን ወርዶ ባሕር አይቶ ይመለሳል። እኛ በ2016 ዓ.ም. አትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል ወዳለችው ሴንት ሄሌና ሄድን። የሰማ ሁሉ «ደግሞ እዚያ ምን ልታደርጉ?» ነው ያለን። ባለቤቴ መልስ ከመስጠት ይልቅ በጣቷ ወደ እኔ ታመለክት ነበር።

ምክንያቱ ናፖሊዮን ነው። በተማሪነቴ የታሪክ ደብተሬ ላይ «ሴንት ሄሌና ተግዞ እዚያው ሞተ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች፤ ቦታው ግን የት እንደሆነ አስተማሪያችንም አላሳዩንም። ጆሃንስበርግ ከገባሁ በኋላ ከዚሁ ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ በረራ እንዳለ ሰማሁና ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቲኬቱ ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ ከ20 ሺህ ራንድ በላይ ነበር። በዚህ ብር አዲስ አበባ ሄዶ ከነስጦታው መመለስ ይቻላል፤ ይህን ባለቤቴ ነች ያሰላችው።

ቅዳሜ፣ ጥር 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዋልቪስ ቤይ እስከ ገደሉ ጫፍ

ከጆሃንስበርግ ተነሥተን መጀመሪያ ያረፍነው ናሚቢያ፣ ዋልቪስ ቤይ ነው። ተሳፋሪ አይወርድም፤ ነዳጅ ብቻ ይሞላል። አጠገቤ የተቀመጠው የደሴቷ ተወላጅ ምክንያቱን አስረዳኝ፦ በሴንት ሄሌና ዙሪያ ሌላ የሚታረፍበት መሬት የለም። አውሮፕላኑ ማረፍ ቢያቅተው ዞሮ አህጉሩ ድረስ የሚመልሰው ነዳጅ መያዝ አለበት። ይህን ከሰማሁ በኋላ የቀረበልኝ ሳንድዊች አልወረደልኝም።

ደሴቷ ከአንጎላና ከናሚቢያ ጠረፍ 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ለረጅም ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አይታይም፤ ከዚያ ድንገት ከደመናው ሥር ጥቁር ገደል ብቅ ይላል። ማረፊያው የተሠራው አንድ ሸለቆ በድንጋይ ተሞልቶ ነው። 285 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበት በ2016 እ.ኤ.አ. ሊከፈት ሲል፣ ገደሉን መትቶ የሚጠማዘዘው ነፋስ ለትልልቅ አውሮፕላኖች እንደማይመች ታወቀና የእንግሊዝ ጋዜጦች መሳቂያ አደረጉት። የመጀመሪያው መደበኛ የመንገደኞች በረራ ያረፈው ጥቅምት 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነው (ከጉዟችን ቀናት በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ በፊት ከኬፕ ታውን በመርከብ አምስት ሌሊት ባሕር ላይ ማደር ግድ ነበር። እኛም ስናርፍ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጭን፤ ጎማው መሬት ሲነካ የአገሬው ሰዎች አጨበጨቡ። ሁልጊዜ ያጨበጭቡ እንደሆነ ብጠይቅ ጎረቤቴ «እንደ ነፋሱ ነው» አለኝ።

ፍተሻው ላይ የመጀመሪያው ኪሳራ ደረሰብን። ባለቤቴ ለአከራያችን ስጦታ ብላ ከላስታ የመጣ ነጭ ማር ይዛ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ብልቃጡን ከብርሃን ጋር አስተያየችና በትሕትና ወደ ጎን አኖረችው። ማር ወደ ደሴቷ ፈጽሞ አይገባም። የዓለምን ቀፎ ሁሉ የፈጀው ቫሮዋ የሚባለው የንብ ተባይ እዚህ አልደረሰም፤ እንዳይደርስም እንዲህ ይጠብቃሉ። ባለቤቴ መኪና እስክንገባ ድረስ ዝም አለች። «እሺ፣ እኔ ደግሞ ለንቦቻቸው ምን ላደርጋቸው ነበር?» ያለችው በኋላ ነው።

አከራያችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ መጥተው ራሳቸው እየነዱ ወሰዱን። መንገዱ አስፋልት ነው ግን ጠባብ፤ አንድ መኪና ሲመጣ ሌላው ይቆማል፤ ቅድሚያ ሽቅብ ለሚወጣው ነው። ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 30 ማይል ነው፤ ኩርባው ከዚያ በላይ ንዳ ቢሉህም አያስነዳም። የሚተላለፍ ሹፌር ሁሉ እጁን አንሥቶ ሰላም ይላል፤ ከማረፊያው እስከ ከተማው ሴትዮዋ መሪውን በአንድ እጅ ነው የያዙት ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ከዚያው ቀን ጀምሮ «እማማ» ትላቸው ጀመር። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁም፤ በማግስቱ ግን ሲጠሩ አቤት ማለት ጀምረዋል።

እሑድ፣ ጥር 26 ቀን፤ ጄምስታውን

ዋና ከተማዋ ጄምስታውን የተሠራችው በሁለት ገደሎች መካከል ባለ ስንጥቅ ውስጥ ነው። አንድ ዋና መንገድ ከወደቡ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ ቀለም የተቀቡ የድሮ ቤቶች፣ ከቤቶቹ ጀርባ ቀጥ ያለ ድንጋይ። ወደቡ አፍ ላይ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሆነው «ካስል»፣ ፊት ለፊቱ በ1770ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ደግሞ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ትንሽ እስር ቤት አለ። ቅዳሴ ላይ ሳለን የእስረኞቹ ሬድዮ ይሰማ ነበር።

የደሴቷ ስም የንግሥት እሌኒ ነው፤ መስቀሉን ያስቆፈረችው እናታችን። ፖርቱጋሎች በ1502 በበዓሏ ቀን አገኟት ይባላል። ሰው አልነበረባትም። የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1659 ሰፈረባት፤ በ1834 የዘውዱ ግዛት ሆነች። የዛሬዎቹ ከ4,500 የማይበልጡ ነዋሪዎች የእነዚያ ወታደሮችና ሰፋሪዎች፣ ከማዳጋስካርና ከእስያ በባርነት የመጡ ሰዎች፣ ከካንቶን የመጡ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ራሳቸውን «ሴይንት» ብለው ይጠራሉ። በየመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያየኋቸው የቤተሰብ ስሞች ቶማስ፣ ሄንሪ፣ ቤንጃሚን፣ ጆሹዋ የሚሉ ናቸው። ከሰውዬው ስም ቀጥሎ የአባቱ ስም የተጻፈ ስለሚመስል ለእኛ ለማንበብ ምንም አያስቸግርም።

ከከተማው ጎን ሽቅብ የተዘረጋው «የያዕቆብ መሰላል» 699 ደረጃ አለው። በ1829 ዕቃና ፍግ በጋሪ ለመጎተት የተሠራ ነው። እኔ ወጣሁት፤ ባለቤቴ ከታች ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ተመለከተችኝ። መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆሜ ሳለ አንድ የትምህርት ቤት ልጅ በብረቱ ድጋፍ ላይ ተጋድሞ ሽው ብሎ ወረደ። ከላይ ወደቡ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ሁለት የመዝናኛ ጀልባና አንድ የዓሣ ጀልባ ነበር ያለው። በ1855 ግን እዚህ 1,100 መርከቦች ቆመው ውኃና ሥጋ ጭነዋል። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ወደ ሕንድ የሚሄደው ሁሉ በቀይ ባሕር ዞረና በ1889 ቁጥሩ ወደ 288 ወረደ። ያው ቦይ በተከፈተበት ወር ነው ሩባቲኖ ለተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት የተገዛው። የእነሱን ደጃፍ ባዶ ያደረገው መንገድ ወደ እኛ ደጃፍ ማንን እንዳመጣ የምናውቀው እኛ ነን።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። እማማ ያበሉንን የዓሣ ኬክ፣ ማለትም የተፈጨ ዓሣ ከድንችና ከሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ ጋር ተጠፍጥፎ የተጠበሰ፣ ባለቤቴ «በርበሬ ጎደለው» ብላ ከቦርሳዋ ጨመረችበት። በርበሬውን ማንም አልወሰደባትም ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 27 ቀን፤ ሎንግውድ

ትንሽ መኪና በቀን 20 ፓውንድ ተከራየን። ከጄምስታውን ሽቅብ ሲወጣ በሩብ ሰዓት ውስጥ አየሩ ይለወጣል፤ ታች ላብ ያጠመቀን ሰዎች ሎንግውድ ላይ ሹራብ ፈለግን። ሜዳው ጭጋጋማ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ ነፋሱ የማያርፍ ነው። እንጦጦን በነሐሴ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ናፖሊዮን ደሴቷ የደረሰው ጥቅምት 1815 ነው። ቤቱ እስኪዘጋጅ ብራያርስ በተባለ ቦታ በአንድ ነጋዴ ቤተሰብ ግቢ ሁለት ወር ቆየ፤ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሎንግውድ ወሰዱትና ግንቦት 5 ቀን 1821 እስኪሞት ከዚያ አልወጣም። ቤቱ አንድ ፎቅ የሌለው፣ እርጥበት የሚያስቸግረው የእርሻ ቤት ነበር። ዛሬ ግድግዳው ተለቅልቆ፣ ዕቃው ታድሶ ያምራል። ፈረንሳይ ቤቱንና መቃብሩን በ1858 ገዝታዋለች፤ ስለዚህ በእንግሊዝ ደሴት መሐል የፈረንሳይ ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል።

እኔን ከዙፋን መሰሉ ዕቃ ሁሉ የሳበኝ የመስኮት መዝጊያው ነው። በእንጨቱ ላይ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ዘበኞቹ ሳያዩት በመነጽር እነሱን የሚያይባቸው። አውሮፓን ሲያንቀጠቅጥ የነበረ ሰው የአንድ ወታደር ፈረቃ መለወጡን በቀዳዳ ይከታተላል! የአትክልት ቦታውንም ሲቆፍሩ መንገዱን ዝቅ አድርገው የቆፈሩት ሲራመድ ከዘበኛ ዓይን እንዲሰወር ነው። አስጎብኚዋ ይህን የምትነግረን ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስለምትደግመው ይሆናል።

መቃብሩ ከቤቱ ወርዶ ዛፍ በሸፈነው ሸለቆ ውስጥ ነው። ሣር ላይ የተዘረጋ ባዶ ድንጋይ፣ ዙሪያው የብረት አጥር። ድንጋዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፤ ፈረንሳዮቹ «ናፖሊዮን» ብቻ ይባል ሲሉ እንግሊዛዊው ገዥ «ቦናፓርት» ካልተጨመረበት አሉና ሳይስማሙ ቀሩ። አስከሬኑም የለም፤ በ1840 አውጥተው ፓሪስ ወስደውታል። ባለቤቴ «ባዶ መቃብር ለማየት ነው እንግዲህ» አለች። ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ረጅም ሰዓት የቆመችው።

የእኛ ነገሥታት ወንድምና የአጎት ልጅ ሲያሠጋቸው ግሸን አምባ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ እንግሊዞች ደግሞ ባሕር መሐል አምባ አገኙ። ናፖሊዮን የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። የዙሉው ንጉሥ ዲኑዙሉ ከ1890 እስከ 1897 እዚህ ነበር። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ጊዜ ወደ 6,000 የሚጠጉ ምርኮኞች መጡ፤ ብዙዎቹ ዴድውድ በሚባለው ሜዳ ላይ ድንኳን ውስጥ ኖሩ። ዛሬ ሜዳው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቆመዋል፤ በሥራቸው ከዚህ ደሴት በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀጭን እግር ወፍ፣ «ዋየርበርድ»፣ ይሯሯጣል። የዛንዚባሩ ሱልጣን ካሊድ፣ በኋላም ሦስት የባሕሬን ፖለቲከኞች ተራቸውን ቆጥረዋል። ይህን ዝርዝር ሳነብ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሰርዲኒያ አጠገብ አዚናራ ደሴት ላይ የተጋዙት የእኛ መኳንንት ትዝ አሉኝ። የወራሪ አስተዳደር ሁሉ አንድ ደሴት ሳያዘጋጅ አይነሣም መሰለኝ።

ሌላም ነገር አለ። ናፖሊዮንን ሊያስመልጡት ይመጣሉ በሚል ፍርሃት እንግሊዝ በሰሜን ምዕራብ 1,300 ኪሎ ሜትር የምትርቀውን አሴንሽንንና በደቡብ 2,400 ኪሎ ሜትር የምትርቀውን ትሪስታን ዳ ኩኛን በጦር ያዘች። ትሪስታን ላይ ከጦሩ ጥቂቶች ቀርተው ዛሬም ከ300 ያነሱ ሰዎች ይኖሩባታል። ሦስቱም አሁን በአንድ ስም የሚጠሩ የእንግሊዝ የባሕር ማዶ ግዛት ናቸው። የአንድ እስረኛ ጥበቃ ይህን ያህል ካርታ ሠራ።

ማክሰኞ፣ ጥር 28 ቀን፤ የገዥው ግቢ

ፕላንቴሽን ሐውስ የገዥው መኖሪያ ነው፤ በ1792 የተሠራ። ጎብኚው ሁሉ ግን የሚመጣው ለገዥው ሳይሆን ሣሩ ላይ ለሚንፏቀቀው ጆናታን ለተባለው ግዙፍ ኤሊ ነው። በ1832 ገደማ እንደተፈለፈለ ይገመታል፤ ምኒልክ ከመወለዳቸው ወደ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በ1882 ከሲሸልስ ሲመጣ ጎልማሳ ነበር። ዓይኑ አያይም፣ አያሸትምም፣ ግን ይሰማል። በሕይወት ካሉት የየብስ እንስሳት በዕድሜ የሚቀድመው አይታወቅም። የአምስት ፔኒ ሳንቲማቸውም ላይ ኤሊ ተቀርጿል።

ስለ መንግሥታቸው የነገሩኝ እማማ ናቸው፤ ማታ፣ ሻይ ላይ። ገዥውን የሚሾመው የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። ሕዝቡ የሚመርጣቸው 12 የምክር ቤት አባላት አሉ፤ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ምክር ቤቱ ከመካከሉ ዋና ሚኒስትር ይመርጣል፤ የመጀመሪያዋ ጁሊ ቶማስ ነበረች። መከላከያና የውጭ ጉዳይ የለንደን ነው። አብዛኛው በጀትም ከዚያው ነው የሚመጣው።

«ታዲያ ሚኒስትሩን ሲያገኟቸው ምን ይሏቸዋል?» አልኳቸው።

«ሱቅ ውስጥ ነው የማገኛቸው፤ ድንች መቼ ነው የሚመጣው እላለሁ።»

የሚያስቆጣቸው ሌላ ነገር ነው። በ1981 የወጣው የእንግሊዝ የዜግነት ሕግ ሴይንቶችን እንግሊዝ ገብተው የመኖር መብት አሳጣቸው። እስከ 2002 ድረስ፣ ያ መብት በሕግ እስኪመለስ፣ በፓስፖርታቸው ላይ የእንግሊዝ ዘውድ ታትሞ እንግሊዝ ግን እንደ ማንኛውም ባዕድ ነበሩ። መብቱ ሲመለስ ደግሞ ወጣቱ ወጣ። የእማማ አንድ ልጅ ፎክላንድ፣ ሁለቱ እንግሊዝ ስዊንደን ናቸው፤ ስዊንደን ብዙ ሴይንቶች አሉ። እሳቸውም በወጣትነታቸው አሴንሽን ላይ ሠርተዋል። ቤቱን ያደሱት ልጆቹ በላኩት ገንዘብ ነው። ይህን ሲናገሩ እኔና ባለቤቴ ተያየን፤ እኛ ጋ ይህ ወሬ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ረቡዕ፣ ጥር 29 ቀን፤ ዳያናስ ፒክ

ከፍተኛው ተራራ ከ800 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ለደጋ ሰው ኮረብታ ነው፤ ግን ጭቃው አንሸራታች ነው፣ ሁለታችንም ወደቅን። ጫፉ ላይ የዛፍ ቁመት ያለው ፈርን የሚባል ተክል ደመና ይጠጣል፤ ቅጠሉ ላይ የተያዘው ጉም ወደ ሥር እየተንጠባጠበ የደሴቷን ምንጮች ይመግባል። ፖርቱጋሎች የለቀቋቸው ፍየሎችና የእንጨት ቆራጩ ምሳር የቀረውን ደን ጨርሰውታል። የሴንት ሄሌና ወይራ የተባለው ዛፍ የመጨረሻው ግንድ በ2003 ደርቆ ዘሩ ከምድር ጠፋ።

ከጫፉ በታች ተራራውን የወረረው ቃጫ ነው፤ ከኒው ዚላንድ የመጣ፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የሆነ። ከ1907 ጀምሮ ደሴቷ በዚህ ኖራለች፤ ቅጠሉ ተፍቆ ገመድና ሲባጎ ይሆናል። ዋናው ገዢ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ነበር፣ ደብዳቤ ለማሰሪያ። ፖስታ ቤቱ ወደ ሰው ሠራሽ ሲባጎ ዞረና በ1966 የመጨረሻው ፋብሪካ ተዘጋ። ቃጫው ግን ቀረ፤ አሁን ደግሞ አገር በቀሉን ዛፍ መልሶ ለመትከል ገንዘብ እየተከፈለ ይነቀላል።

ረቡዕ ነውና ጾም። ምሳ ቤት ገብተን የቀረበው «ፕሎ» ነው፦ ሩዝ፣ ካሪና ሥጋ በአንድ ድስት። ዓሣ አለ አሉን፤ ቱና፣ ጠዋት የተጠመደ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቤታችን የቆየ ክርክር አትላንቲክ መሐል እንደገና ተነሣ። እኔ በላሁ። ባለቤቴ ቲማቲም በዳቦና የተቀቀለ ድንች አዘዘች፤ ድንቹ ግን አልቆ ነበር። መርከቡ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሂሳቡ ለሁለታችን 22 ፓውንድ፣ ወደ 520 ራንድ።

ሐሙስ፣ ጥር 30 ቀን፤ ሩፐርትስ

ጠዋት ጀልባ ላይ ወጥተን ዌል ሻርክ አየን፤ ከጥር እስከ መጋቢት ይመጣሉ። ከጀልባው የሚበልጥ፣ ነጠብጣብ ያለው፣ ሰው የማይነካ ዓሣ። ባለቤቴ ውኃ አልገባም አለች፤ እኔ ገብቼ ጨው ጠጥቼ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ከጄምስታውን ቀጥሎ ወዳለው ሸለቆ፣ ሩፐርትስ፣ ሄድን። የነዳጅ ታንከሮችና አዲሱ የጭነት ወደብ ያሉበት ደረቅ፣ ሞቃት ቦታ ነው። ከ1840 ጀምሮ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አትላንቲክ ላይ የባሪያ መርከብ ሲይዝ ሰዎቹን ያራገፈው እዚህ ነበር። በሦስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከ25,000 በላይ ሰዎች መጡ። ከመርከቡ ሆድ የወጡት በሽታና ረኃብ የጨረሳቸው ነበሩ፤ ወደ 8,000 የሚጠጉት እዚሁ ሞተው ተቀበሩ። የተረፉት አብዛኞቹ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ለሥራ ተላኩ። «ነጻ የወጡ» ነው የሚሏቸው።

ታሪኩን ብዙ ሰው የሰማው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደውን መንገድ ለመሥራት በ2008 ሲቆፈር ነው። የ325 ሰዎች አጽም ወጣ፤ ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች። ለዓመታት ጄምስታውን ውስጥ አንድ መጋዘን ተቀምጦ ቆየ፤ በ2022 ሩፐርትስ ላይ መልሰው ቀበሩት። የአንዳንዶቹ ዘር ተመርምሮ ከሰሜን አንጎላ እስከ ጋቦን ካለው አገር እንደሆኑ ታውቋል። ስም አልተገኘላቸውም።

በናፖሊዮን ባዶ መቃብር ላይ አጥር፣ ዘበኛ፣ የተላጨ ሣር፣ የፈረንሳይ በጀት አለ። ሩፐርትስ ስንደርስ ከእኛ ሌላ የቆመ ጎብኚ አልነበረም፤ የጭነት መኪና አቧራ እያስነሣብን አለፈ። የእማማ ቤተ ዘመድ የሆነ፣ ወደቡ ላይ የሚሠራ ሰው አስቆመን። «እኛስ የማን ልጆች ነን? አያቴ ከየት እንደመጣች ማንም ነግሮኝ አያውቅም» አለን፤ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። ስለ ደሴቷ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይህን ነው ለሰው ደጋግሜ የምናገረው።

ዓርብ፣ የካቲት 1 ቀን፤ ቡና

የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1733 ከየመን፣ ከሞካ ወደብ፣ የቡና ዘር አምጥቶ ተክሏል። የመንም ከማን እንዳገኘችው ለአንባቢዬ አልነግርም። ከሌላው ዓለም ተለይቶ በመቅረቱ ዘሩ ብዙ አልተደባለቀም፤ «ግሪን ቲፕድ ቡርቦን» ይሉታል። ናፖሊዮንም ከደሴቷ የወደደው ቡናዋን ብቻ ነው ይባላል። ምርቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ዋጋው ሰማይ ነው፦ 125 ግራም የተቆላ ከ10 ፓውንድ በላይ። ባለቤቴ ዋጋውን ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው፤ እኛ ጄፔ ላይ በዚህ ገንዘብ ከኪሎ በላይ እንሸጣለን።

ሳንዲ ቤይ አካባቢ ካለ ገበሬ ጥሬውን ገዛች። ማታ በእማማ ማእድ ቤት ውስጥ በመጥበሻ ስትቆላው የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ጎረቤት ሮጦ መጣ፤ ሌላም ጎረቤት መጣ። እማማ ወንበር ላይ ወጥተው ባትሪውን አወጡትና «ቀጥዪ» አሏት። ጀበና ስላልነበረን በትንሽ ድስት አፈላችው፤ ለማጥለል የሻይ ማጥለያ ተጠቀመች። አቦሉን ሁሉም ጠጡ፤ ሦስተኛው ላይ የቀሩት እማማና አንደኛው ጎረቤት ናቸው። የባለቤቴ ፍርድ፦ ከሐረር አይገናኝም፣ ወደ ይርጋጨፌ ይጠጋል፣ ግን ቀጭን ነው። የእማማ ፍርድ፦ ጥሩ ነው፣ ለመተኛት ግን አይሆንም። እንዳሉትም እስከ እኩለ ሌሊት ሬድዮ ሲሰሙ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2 ቀን፤ ጉም

አውሮፕላኑ በዚህ ቀን መምጣት ነበረበት። ሻንጣችንን አስመዝግበን፣ የመውጫ ማኅተም አስመትተን ከተቀመጥን በኋላ ጉም ማረፊያውን ሸፈነው። አውሮፕላኑ ከላይ ዞረ፣ ድምፁን ሰማነው፤ ከዚያ ወደ ናሚቢያ ተመለሰ። የቅዳሜውን ነዳጅ ነገር ያስረዳኝ ሰው ትዝ አለኝ። ማኅተሙ ተሰረዘ፣ ሻንጣው ተመለሰ። አንዲት ወደ ኬፕ ታውን ለሕክምና የምትሄድ ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ ሆስፒታላቸው አንድ ነው፣ ከባድ ሕመም ሲሆን ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው የሚልኩት። እሷ ግን ከሁላችን ይልቅ ረጋ ብላ ሹራብ ትሠራ ነበር። የተበሳጨነው የውጭ ሰዎች ነን። አንዱ ጀርመናዊ ስልኩን ይዞ ይጮኽ ነበር፤ ቢያንስ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፤ ኢኳኖ የተባለው የባሕር ሥር ኬብል ሥራ የጀመረው በ2023 ነው። የደሴቷ የስልክ መለያ +290 ነው፤ የኤርትራ +291። ወደ ቤት የደወልኩላት እህቴ «ኤርትራ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

አውሮፕላኑ በማግስቱ እሑድ መጣና አነሣን። ሱቁን የሚጠብቅልን ልጅ ሰኞ በሰዓቱ ከፍቶታል።

መሄድ ለምታስቡ፦ የጤና መድን፣ ታማሚን በአውሮፕላን የማውጣት ዋስትና ያለው፣ ሳይዙ አይገባም። አንድ ባንክ ብቻ ነው ያለው፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ ኤቲኤም አልነበረም፤ ጥሬ ፓውንድ ያዙ። የደሴቷ ፓውንድ ከእንግሊዙ እኩል ነው፣ ግን ከደሴቷ ውጭ ማንም አይቀበላችሁም፤ ከመውጣታችሁ በፊት መንዝሩት። እኔ ኪሴ ውስጥ 15 ፓውንድ ቀርታብኝ ጆሃንስበርግ የምንዛሪ ቢሮው ሁለት ጊዜ ገልብጦ አይቶ መለሰልኝ።